የእትዬ አንቀጽ ውሾች

እትዬ አንቀጽ የሚለውን ስም ያወጣንላቸው እኛ የፌርማታው ሰዎች ነን። ከዚያ በፊት «እትዬ ጭልጥ» ነበሩ። በክፋት አይደለም፤ እያወሩ መሃል ላይ ዓይናቸው አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀርና እሳቸውም አብረውት ጭልጥ ይላሉ። ጠብቀን ጠብቀን ስንተወው ተመልሰው ይመጡና ወሬውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ታላቅ ወንድማቸው ሰዓት ሠሪው፣ «እህቴ እኮ እዚህ ምድር ላይ የምትኖረው በትርፍ ሰዓቷ ነው» ይሉ ነበር።

እኔ አውቶቡሱ መጨረሻ ላይ የሚቆምበት ፌርማታ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ከአንድ ሰው በላይ የማትይዝ የቆርቆሮ ኪዮስክ አለችኝ። ከመስኮቷ ፊት ለፊት ረጅም የሲሚንቶ አግዳሚ አለ። እትዬ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በየማለዳው እዚያ ይቀመጡ ነበር፤ አውቶቡስ ለመሳፈር ሳይሆን ፀሐይ ለመሞቅ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ማዘጋጃ ቤት ታይፒስት ነበሩ። የሚሠሩበት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ስድስት የጽሕፈት መኪናዎች ጎን ለጎን ተደርድረውበታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ሲገባ አቧራው ብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ስድስቱ መኪናዎች ሲንጣጡ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላሉ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«የጻፍኩትን አንብቤ አላውቅም» ብለውኛል አንድ ቀን። «ዓይኔ ፊደሉን ለጣቶቼ ያቀብላል፤ እኔ ራሴ የለሁበትም። አንድ ሙሉ ደንብ ጽፌ ጨርሼ ቀና ስል፣ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ስሄድ የቆየሁ ይመስለኝ ነበር። ባሕር እኮ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

የፌርማታው ውሾች ስድስት ነበሩ። የማንም አይደሉም። ስም ግን አላቸው፤ ስም ማውጣት የማይወድ ሰፈር የለም። አንድ ጆሮው የተቆረጠው ሻምበል ይባላል። ለሁሉም ሰው ጀርባዋን ሰጥታ የምትተኛዋ ኩርፊያ ናት። ተረኛ የምንለው አመድማ ውሻ አዳሩ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ጠዋት የመጀመሪያውን አውቶቡስ ከጋራዡ ድረስ አጅቦ ያመጣና ሥራውን እንዳስረከበ ሰው ጥላ ይዞ ጋደም ይላል። የቀሩትም እንዲሁ እንዲሁ ናቸው።

እትዬ ውሻ ወዳድ አልነበሩም። እንዲያውም ይፈሯቸው ነበር፤ እግራቸውን አግዳሚው ሥር ሰብስበው ነው የሚቀመጡት። ግን ጠዋት የምትገኘው ፀሐይ አንዲት ናት፤ እሷም የምታርፈው እዚያች አግዳሚ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋም ውሾቹም አንድ ላይ ይሞቃሉ፤ አንድ ላይ ሸለብ ያደርጋቸዋል። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ ሳያቸው የማን ሕልም ውስጥ ማን እንዳለ ግራ ይገባኝ ነበር።

ያን ቀን ጭጋግ ነበር። ጭጋግ ስላችሁ፣ ከኪዮስኬ እስከ አግዳሚው ያለው አሥር እርምጃ ወተት ውስጥ እንደመራመድ ነው። ደርሼ በሩን ስከፍት እትዬ ቀድመውኛል። ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል፤ ውሾቹም እግራቸው ሥር ተኝተዋል።

«እንዴት አደሩ እትዬ?» አልኳቸው።

«ዝም በል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ተኝተዋል።»

ትኬቶቼን ደረደርኩ፤ መስኮቱን ወለወልኩ። እሳቸው ጭልጥ ብለዋል፤ ጭጋጉ ደግሞ ቀስ እያለ ያልፋል። እንዲህ ሆነን ምናልባት ግማሽ ሰዓት ቆየን። ከዚያ አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ፤ ከፊቱ ተረኛ እየሮጠ ነው። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አምስቱም ብድግ ብለው ይቀበሉታል። ማንም አልተነሣም። ሻምበል ያቺን አንድ ጆሮውን እንኳ አላቆማትም።

ወጣሁና ጎንበስ ብዬ ኩርፊያን ነካኋት። ደርቃለች። አፏ ላይ ነጭ ነገር ነበር፤ ከጎኗ ያልተበላ ቁራጭ ሥጋ ወድቋል።

«እትዬ፣ ይነሡ» አልኩ።

«ምነው?»

«ሞተዋል እኮ። ሁሉም ሞተዋል።»

ዓይናቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ከእንቅልፍ እንደሚነሣ ሰው መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥለው መሬቱን። ተረኛ አንዱን አሽትቶ ወደ ሌላው፣ እሱን አሽትቶ ወደሚቀጥለው ሲሄድ ተከተሉት። በመጨረሻ መጥቶ እግራቸው ላይ ተጋደመ። እግራቸውን አልሰበሰቡም።

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ አብሬያቸው ተቀመጥኩ» አሉ። «አላየኋቸውም። አጠገቤ ናቸው፤ ግን አላየኋቸውም።» ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደደገሙት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጭጋጉ ሲገፈፍ የማዘጋጃ ቤቱ የጭነት መኪና መጣ። ጓንት ያደረጉ ሦስት ሰዎችና አንድ ፎርማን ወረዱ። ውሾቹን በእግራቸው እየጎተቱ ሲጭኑ እትዬ ጠጋ አሉ።

«መርዝ ነው?»

«አዎ እናቴ፤ ትእዛዝ ነው» አለ ፎርማኑ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የደከመው ይመስላል። «ሰው ተነከሰ ተብሎ አቤቱታ ቀርቧል። ዳር ዳሩን እየዞርን ነው።»

እኔ የእትዬን እጅ አየሁ። ጣቶቻቸው ቀሚሳቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይነሣል፣ ትንሿ ጣት ወደ ዳር ትዘረጋለች። እሳቸውም የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው ወደ ታች ያዩታል።

«ጽፌዋለሁ» አሉ።

«ምኑን?» አልኳቸው።

«ይሄ እንዳይሆን የሚለውን። እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

ወንድማቸው ሲሰሙ ሳቁ፤ ሐዘንተኛ ሳቅ ነበር። «እህቴ፣ አንቺ ያልጻፍሽው ምን አለ? ከተማውን በሙሉ ጽፈሽዋል።» እትዬ ግን በማግስቱ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሥራ ሲሄዱ የሚይዟትን ጥቁር ቦርሳ ይዘው በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ። ትኬቱን የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ። ፌርማታ ላይ በተቀመጡበት ዘመን ሁሉ ሲሳፈሩ መጀመሪያ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሠራተኛው የድሮ ባልደረባቸው ስለሆነ ፊት አልነሣቸውም። ሁለት ሰዓት ፈልገው ከላይኛው መደርደሪያ አወረዱት። የእንስሳት ደኅንነት ደንብ ይላል፤ ዘጠኝ ገጽ፤ ከወጣ አሥራ አራት ዓመቱ። የተዋሱ ሰዎች ስም የሚሰፍርበት ካርድ ኋላው ላይ ተለጥፏል። አንድም ስም የለበትም።

«እዚያው ቆሜ አነበብኩት» አሉኝ ሲመለሱ። «አምስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ፊደል ስቼ ደግሜ የመታሁባት አለች፤ የእኔ መሆኑን በእሷ ነው ያወቅኩት። ስማ፤ አንቀጽ አሥራ ሁለት፣ ‹ማንኛውንም እንስሳ በአደባባይ በመርዝ መግደል የተከለከለ ነው›። ባለቤት የሌለው ውሻ ተይዞ ይከተባል ይላል። ቆንጆ ሕግ ነው እኮ! አንብቤው ቢሆን ኖሮ እኮራበት ነበር።»

«ታዲያ ማነው የሚያስፈጽመው?»

«‹የሚመለከተው አካል› ይላል።»

ከዚያ የሚመለከተውን አካል ፍለጋ ተጀመረ። ጤና ጥበቃ ሄዱ፤ «ውሻ የኛ አይደለም፣ የተነከሰ ሰው ነው የኛ» አሏቸው። እርሻ ቢሮ ሄዱ፤ «የኛ ከብት ነው» አሏቸው። እንደገና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲልኳቸው ጽዳት ክፍል ያለ አንድ ኃላፊ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «እኛ የሚመለከተን ከሞተ በኋላ ነው» አላቸው። ሦስት ሳምንት ላይ ታች አሉ፤ ደጅ ጠኑ፤ ነገ ይምጡ ተባሉ። እትዬ አንቀጽ የሚለው ስም የወጣው ያኔ ነው። ጠዋት ሲሳፈሩ ሾፌሩ፣ «እትዬ አንቀጽ፣ ዛሬ ስንተኛው ንዑስ አንቀጽ ላይ ነን?» ይላቸዋል። ይስቃሉ፤ ቦርሳቸውን ግን ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ። ሲሄዱ ሲመለሱ መንገዱን በመስኮት ያያሉ። ጥላ ሥር ጥቅልል ያለ ውሻ ባዩ ቁጥር ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ እንደሚቀሰቅሱት ሳይሆን፣ እንዳለ እንደሚያረጋግጡ።

በመጨረሻ ፖሊስ ጣቢያ ደረሱ። ሃምሳ አለቃው ሽበት የጀመረው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ዘጠኙንም ገጽ አነበበ።

«ይሄ ሕግ አለ እንዴ?» አለ።

«አሥራ አራት ዓመቱ።»

«እንግዲህ ክስ ልንመሠርት ነው። ተበዳይ ማነው?»

«ውሾቹ።»

«ባለቤታቸውስ?»

«የላቸውም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እትዬ፣ አልደብቅዎትም። በአንቀጽ አሥራ ሁለት የሚከሰው ‹የሚመለከተው አካል› ነው፤ እኔ የሚመለከተኝ መሆኑን የሚነግረኝ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። ግን ወደ ታች ይዩት፣ አሥራ አምስት። የተመዘገበና የተከተበ፣ አንገቱ ላይ ምልክት ያለው ውሻ የባለቤቱ ንብረት ነው ይላል። ንብረት ከሆነ ለእኔ ቀላል ነው። ንብረት ያጠፋ ሰው መዝገብ መክፈት የዕለት ሥራዬ ነው።»

እትዬ ከዚያ በቀጥታ የሄዱት የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ነው። ሐኪሟ ቀጭን፣ ዓይኖቿ የደከሙ ወጣት ናት። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፍሪጅና አንድ ወፍራም መዝገብ አለ። መዝገቡ የውሻ መመዝገቢያ ነው፤ የገጾቹ ጠርዝ ገና አልተላቀቀም።

«የምን መኪና አለኝና ነው ወጥቼ የምከትበው?» አለቻቸው። «ክትባቱ እዚህ ፍሪጅ ውስጥ ተኝቶ ጊዜው ያልፍበታል፤ አውጥቼ እጥለዋለሁ፤ አዲስ ይልኩልኛል። ደግሞ እየገደሉ የት ሊደርሱ ነው? አንዱ ሰፈር ባዶ ሲሆን ከሌላው ሰፈር ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ቦታውን ይይዛል። ይህን አሥር ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ።» ከዚያ መዝገቡን ገለጠች፤ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። «ስንት ውሻ አለዎት?»

ይህን የነገሩኝ እትዬ ራሳቸው ናቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ውሻ ስፈራ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «ግን አፌ ቀደመኝ። ‹ያሉት ሁሉ የኔ ናቸው› አልኳት።»

ሐኪሟ እንዳለችው ሆነ። በሁለት ወር ውስጥ ፌርማታው እንደገና ሞላ። የማናውቃቸው ውሾች፣ አንዱ አንካሳ፣ አንዷ አራት ቡችላ የምታስከትል፣ ከየት እንደመጡ ሳናይ አንድ ጠዋት ፀሐይዋ ውስጥ ተኝተው አገኘናቸው። ቅዳሜ ዕለት ሾፌራችን ሐኪሟን ከነቀዝቃዛ ሣጥኗ በአውቶቡሱ አመጣት። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አንድ ሰው ያን ሁሉ ውሻ በስሙ ማስመዝገብ አይችልም ብላ ሐኪሟ ስላመለከተች ተከፋፈልናቸው። ተረኛን እኔ አስመዘገብኩ። ሰዓት ሠሪው አንካሳውን ወሰዱ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ «ወደ ኋላ የሚቀር ነገር እኔ ነኝ የምጠግን» አሉ። ሥጋ ሻጩ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በውሻ ላይ ውሃ ሲደፋ የኖረው ሰውዬ፣ እናቲቱን ከነቡችሎቿ በስሙ አስጻፈ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

አንዲት ሴት ግን ዳር ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ናት። መርዙን ያመጣው አቤቱታ ላይ ከፈረሙት አንዷ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ትንሿ ልጇ ተነክሳ ነበር።

«እትዬ» አለች ከሩቅ፤ «ለውሻ እንዲህ የሚሟገቱ፣ ልጄ ስትነከስ የት ነበሩ? በየመርፌው ስትጮህ የያዝኳት እኔ ነኝ። እስኪያልቅ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

እትዬ ሄደው አጠገቧ ቆሙ።

«የትም አልነበርኩም» አሉ። «እዚያ አግዳሚ ላይ ነበርኩ፤ ጭልጥ ብዬ። ልክ ነሽ፤ አልፈርድብሽም። ሕጉን ግን ብታነቢው ለልጅሽም የተጻፈ ነው። ውሾቹ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቢከተቡ ኖሮ ልጅሽን የሚያስፈራት ንክሻው ብቻ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤቷ ገባች። ተናደደች ብለን ስንጠብቅ አንድ ክንድ ሙሉ ቀይ ጨርቅ ታቅፋ ወጣች።

«ውሻ አልወስድም» አለች። «ግን የተከተበውን ካልተከተበው ከሩቅ መለየት አለብኝ። አንገታቸው ላይ ይሄ ይታሰር። እኔው እሰፋዋለሁ፤ የእናንተን ስፌት አላምንም።»

እስከ ዛሬ ውሻ የላትም። የክትባቱ ቀን ሲደርስ ግን ከሐኪሟ ቀድማ መጥታ ዝርዝሩን የምትይዝ እሷ ናት፤ አንድ ውሻ ከቀረ ሰፈሩን ታምሳለች።

የጭነት መኪናው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ወር እንኳ ሳይሞላው ነው። ማለዳ ነበር፤ ፀሐይዋ ገና የጣሪያዎቹን ጫፍ መንካቷ ነው። ፎርማኑ የተመረዘ ሥጋ የያዘ ባልዲ አንጠልጥሎ ወረደና ቆመ። አሥራ አንድ ውሾች ቀይ ጨርቅ በአንገታቸው አድርገው ተጋድመዋል። ልክ ሥራ የሚሄዱ፣ ግን አውቶቡሱ ዘግይቶባቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው ሰዎች ይመስላሉ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ።

«አንቀጽ አሥራ አምስት» አሉ እትዬ፤ ወረቀቱን አወጡ።

«እናቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራ። አለቃዬ ነው ያዘዘኝ።»

«አለቃህ ፈርሞበታል፤ ያኔ ምክትል ነበር። ይኸው ፊርማው።»

ፎርማኑ ፊርማውን ለረጅም ጊዜ አየ። እኔ በዚህ መሃል የአውቶቡሱን ሾፌር ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሰድጄው ነበር። ሃምሳ አለቃው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ በእግሩ መጣ፤ መጥቶም እሱ ራሱ የሚለውን እንደማያምን ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ባለቤት ያላቸው ናቸው። ባልዲውን ከደፋህ መዝገብ እከፍታለሁ» አለ። ፎርማኑ ተከራከረ ማለት አይቻልም። ባልዲውን መልሶ ጫነ። መኪናው ዞሮ ሲሄድ እኛ አጨበጨብን፤ ሰዓት ሠሪው ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ።

እትዬ ብቻ አላጨበጨቡም። መኪናው የሄደበትን አቅጣጫ ያያሉ። «ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

የሄደው ከድልድዩ ማዶ ነው። በማግስቱ ሰማን፤ ማዶ ሰፈር አንድ መንገድ ላይ ብቻ አሥራ ስድስት ውሻ ሞቶ አደረ። ቀይ ጨርቅ ያሰረላቸው አልነበረም። ደስታችን እንደ እንፋሎት ጠፋ። እትዬ ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። ወንድማቸው፣ «አትብላም፤ መስኮት መስኮቱን ነው የምታይ» አሉኝ። እኔም በአራተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«ማባረር ብቻ ነው ያወቅንበት» አሉኝ። «መኪናውን ከእኛ ላይ አንሥተን እነሱ ላይ ጣልነው።»

«እርስዎ ምን ያድርጉ? ሕጉን የሚያስከብረው መንግሥት ነው» አልኳቸው።

«መንግሥት እኮ እኔም ነበርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት። ሳላነብ ነው የሠራሁት።»

ስለ መጀመሪያዎቹ አምስት ውሾች ሃምሳ አለቃው በኋላ ደፍሮ የከፈተው መዝገብ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። አምስት ጊዜ ተቀጠረ። በአራተኛው ዳኛው ተቀየሩ፤ በአምስተኛው መዝገቡን ውሃ በላው። የተቀጣ የለም። ይህን የምነግራችሁ ነገሩ ያለቀለት እንዳይመስላችሁ ነው። ሐኪሟ ዛሬም መኪና የላትም። «የሚመለከተው አካል» ማን እንደሆነም እስካሁን የነገረን የለም።

እትዬ ግን ተነሡ። በአምስተኛው ቀን ጥቁሯን ቦርሳ ይዘው በማዶው መስመር አውቶቡስ ተሳፈሩ። ደንቡን እንደገና ጽፈውት ነበር፤ በዚህ ጊዜ እያነበቡ። እኔ በእረፍት ቀኔ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አሁን ስድስት ሰፈር የራሱ መዝገብ አለው። አንዳንዱ ጋ ለሽማግሌ በሚገባ አክብሮት ይቀበሏቸዋል፤ አንዳንዱ ጋ «አሁን ደግሞ ለውሻ?» ብለው በር ይዘጉባቸዋል። እሳቸው ግን ጭልጥ ይሉና ተዘግቶ የቆየው በር ሲከፈት እዚያው ቆመው ይገኛሉ። የሚከፍተው ሰው ነው የሚደነግጠው።

ባለፈው ሳምንት ሰባተኛው ሰፈር ሄድን። ዝናብ ያባራበት ጠዋት ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ሰማይ ተኝቶበታል። አንዲት አጭር ሴት፣ ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ ክንዷ ድረስ ዱቄት ለብሳ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የጭነት መኪናውን እዚያ አካባቢ አይተውታል አለች። ወረቀቱን ተቀብላ ዓይኗን ጣል አደረገችበትና ለእትዬ መለሰችላቸው።

«እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም» አለች።

«ውሾቹ ስንት ናቸው?»

«እኔ እንጃ። ቆጥሬያቸው አላውቅም።»

«በይ ነጠላ ጫማሽን አድርጊ» አሏት እትዬ፤ «አብረን እንያቸው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን መደረቢያዋ ላይ ጠረገች። ሁለቱ እኔን በሩ ላይ ትተውኝ፣ ኩሬ ኩሬውን እየዘለሉ ቁልቁል ወረዱ። ከመታጠፊያው ወዲያ ሆነው ሲጠሩ ይሰማኛል። «አንድ» ይላሉ እትዬ፤ ቆይቶ ደግሞ የሌላዋ ድምፅ፣ «ኧረ እዚህ አጥሩ ሥር ሦስት አሉ፣ አንዷ እርጉዝ ናት፣ ቀስ ይበሉ እትዬ።»